ካምፓስ ዝግጅት ላይ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ፦ "ቴክሳስ ይፈቀዳል" የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው?

የመንደራ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ጅማ ተመርቆ ለማስተርስ ወደ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ሊሄድ ነው። የተቀበለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሚገባው በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ ነው። እዚያ በዲቪ የሄደ የአክስታችን ልጅ አለ። ግሪን ካርድ አለው፣ የሽጉጥ ፈቃድም አውጥቷል፣ ከሸሚዙ ሥር ታጥቆ ነው የሚውለው። ባለፈው በስልክ "እዚህ ተማሪ ሽጉጥ ይዞ ክፍል ይገባል፣ ስትመጣ አንተም ታወጣለህ" ብሎት ቤቱ ተረበሸ። እናታችን "እንግዲያው አይሄድም" ብላለች።

የምጠይቀው፦ አንደኛ፣ ወንድሜ በኤፍ-1 ሽጉጥ መያዝ ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ የአክስታችን ልጅ ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ ለፉትቦል ጨዋታ ወይም ለምረቃ ታጥቆ ቢመጣ ሕጋዊ ነው ወይ? ሦስተኛው የዚሁ የአገራችን ነው። አጎታችን አጋሮ ነው ያለው፤ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው። እህታችን እዚህ ስትመረቅ ታጥቄ እመጣለሁ፣ "ፈቃድ ካለኝ ማን ይከለክለኛል" ይላል።

ወሬ ሳይሆን ሕጉን የሚያውቅ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

አንቀጽ ቆጣሪ

የመጀመሪያውን በአንድ ቃል ልመልስ፦ አይችልም። ይህን የሚከለክለው የቴክሳስ ሕግ አይደለም፤ የፌዴራሉ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ርዕስ 18 ክፍል 922 ላይ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ የተከለከለባቸው ሰዎች ዝርዝር አለ። ከእነሱ አንዱ "ስደተኛ ባልሆነ ቪዛ የገባ ሰው" ነው። ኤፍ-1፣ ጄ-1፣ ቢ-2 ሁሉም እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ይህን የጣሰ ሰው ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የመሣሪያ ወንጀል በኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱን ችሎ የማባረሪያ ምክንያት ነው። እስራቱን ቢያመልጥ እንኳ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል።

"የአደን ፈቃድ ካወጣ ይችላል" የሚል ሰው ማጋጠሙ አይቀርም። እውነት ነው፣ በሕጉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አለ፤ በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ የአደን ፈቃድ የያዘ ሰው ከክልከላው ይወጣል። ነገር ግን ቀዳዳው ለአዳኝ የተተወ ነው። አንድ ማስተርስ ተማሪ በዚያ ተንጠላጥሎ ካምፓስ ውስጥ ሽጉጥ ሊታጠቅ ቢሞክር ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር የሚገባበት ነገር አይደለም። እኔ እንደውም ጭራሽ አያስበው እላለሁ።

ከሁሉ በላይ ልጁን ማስጠንቀቅ ያለባችሁ "መያዝ" የሚለው ቃል ላይ ነው። በእኛ አነጋገር መያዝ ማለት ወገብ ላይ ማድረግ ነው። እዚያ ግን በእጅህ ባይኖርም በቁጥጥርህ ሥር ካለ ይዘሃል ይባላል። የአክስት ልጅ መኪናውን "ሂድና ዕቃ ግዛ" ብሎ ቢሰጠው፣ ሽጉጡም ከፊት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ልጁ ቢያውቅ፣ ፖሊስ ባስቆመው ሰዓት ጣጣው የእሱ ነው። መተኮሻ ሜዳ ወስዶ "ሁለት ጥይት ሞክር" ማለትም ያው ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ማንሳትም መያዝ ነው። አብረው አንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ ሽጉጡ በካዝና ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ቁልፉን ወይም ኮዱን ልጁ አይወቀው።

የአክስታችሁ ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው። በዲቪ የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ስለሆነ ይህ ክልከላ አይነካውም።

ማዶ ማዶ

ለሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ልርዘም፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በቴክሳስ ካምፓስ ውስጥ ሽጉጥን የፈቀደው በ2015 የወጣው የሴኔት ሕግ ቁጥር 11 ነው። ለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ከኦገስት 1 ቀን 2016፣ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራ ላይ ዋለ። የፈቀደውም ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ኤልቲሲ የሚባለውን የግዛቱን ፈቃድ ለያዘ ሰው፣ ለሽጉጥ ብቻ፣ ተደብቆ ብቻ ነው። በግልጽ የሚታይ ሽጉጥ በዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥም፣ በግቢው መንገድና በመኪና ማቆሚያውም ክልክል ነው።

ዝግጅትን በተመለከተ የወንጀል ሕጉን ክፍል 46.03 ማንበብ ይበቃል። መነሻው ክልከላ ነው፦ በትምህርት ተቋም ሕንፃ ውስጥ፣ ወይም ተቋሙ ዝግጅት በሚያካሂድበት ግቢ መሣሪያ ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ከዚያ "ሽጉጡ የተደበቀና ፈቃድ ያለው ሆኖ ቦታው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከሆነ በስተቀር" ይላል። ስለዚህ ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ ለአዳራሽ ንግግር፣ ለምግብ ድግስ ፈቃዱን ይዞ፣ ሽጉጡን ደብቆ ቢመጣ በመሠረቱ ሕጋዊ ነው።

"በመሠረቱ" ያልኩት የሚያጠብቡት ነገሮች ስላሉ ነው።

የስፖርት ውድድር። የዩኒቨርሲቲ ፉትቦልም ሆነ ቅርጫት ኳስ በሚካሄድበት ቦታ ክልክል ነው፤ የስታዲየሙ በር ላይ ማስታወቂያው ተለጥፎ ያገኘዋል። ያንን አልፎ የገባ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቀዋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ዝግጅት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲደረግም እንዲሁ ነው፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ምርጫ። ካምፓሱ ውስጥ የድምፅ መስጫ ጣቢያ ከተከፈተ፣ ቀድሞ ድምፅ በሚሰጥባቸው ቀናት ጭምር፣ ያ ቦታ ተከልክሏል።

ተቋሙ ራሱ የከለከላቸው ቦታዎች። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ከተማሪዎች፣ ከመምህራንና ከሠራተኞች ጋር ተመካክሮ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ግቢውን በሙሉ መዝጋት ግን አይችልም። ደንቡን የተቋሙ ቦርድ በ90 ቀን ውስጥ ይመረምረዋል፤ ለመለወጥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ አደገኛ ኬሚካል ያለባቸውን ላቦራቶሪዎች፣ ሕሙማን የሚታከሙባቸውን ክፍሎች፣ የዲሲፕሊን ችሎት የሚሰማባቸውን ቦታዎች ከልሏል። የተማሪ ማደሪያም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ዝግ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ዘመድ ለጥየቃ ብሎ ዶርም ክፍል ውስጥ ታጥቆ አይገባም።

የተከለለ ቦታ የሚታወቀው "30.06" በሚባለው ማስታወቂያ ነው። ቁጥሩ የሕጉ ክፍል ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ፣ ቁመታቸው ቢያንስ 1 ኢንች በሆነ ፊደላት፣ ከጀርባው በሚለይ ቀለም፣ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሆን አለበት። ሽጉጥ ላይ ሰያፍ መስመር ያለባት ትንሿ ሥዕል ብቻዋን ይህን ማስታወቂያ አትተካም። ግን እሷን አይቶ "ሕጋዊ ማስታወቂያ አይደለችም" እያሉ ከፈታሽ ጋር መሟገት ማንንም ጠቅሞ አያውቅም። ውጣ ከተባለ ይውጣ። በቃል ተነግሮት አልወጣም ያለ ሰው ከ200 ዶላር መቀጮ ወደ እስራት ይሸጋገራል።

ምረቃ በሕጉ በስም አልተጠቀሰም። ወሳኙ የት እንደሚደረግ ነው። በተራ አዳራሽ ከሆነ የአዳራሹ ደንብ ይገዛል። በስታዲየም ወይም በስፖርት አዳራሽ ከሆነ ግን በሩ ላይ የብረት መፈተሻ ሊኖር ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲውም ለዕለቱ "ይዘው አይግቡ" የሚል ዝርዝር ያወጣል። ያንን ዝርዝር ከመሄዱ በፊት ያንብብ።

ደግሞ ይህ ሁሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የግሎቹ በሙሉ የመከልከል መብት አላቸው፤ ራይስ፣ ቤይለር፣ ሳውዘርን ሜተዲስት ከልክለዋል።

ቡና ቁርስ

ግን እኮ ቴክሳስ ከ2021 ጀምሮ ፈቃድ አያስፈልግም ብሏል። ኤልቲሲ ምን ያደርጋል ታዲያ?

ማዶ ማዶ

የብዙ ሰው ስህተት ይቺ ናት። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መታጠቅ የተፈቀደው በመንገድ፣ በገበያ፣ በመሳሰለው ነው። ካምፓስን አልነካም። ያለ ኤልቲሲ ሽጉጥ ይዞ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥ የገባ ሰው ቀላል ወንጀል ሳይሆን ሦስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ነው የፈጸመው፤ ከ2 እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር።

ስለዚህ የአክስት ልጅ ፈቃዱ መታደሱን ያረጋግጥ፤ ኤልቲሲ ጊዜው ያልፋል። ካርዱ ከሽጉጡ ጋር አብሮት ይኑር። ታጥቆ ሳለ ፖሊስ መታወቂያ ከጠየቀው ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ኤልቲሲውንም ማሳየት ግዴታው ነው። እጁን ወደ ወገቡ ሳይሰድ መጀመሪያ በአፉ ይናገር።

ፈቃዱን ለማውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት የክፍል ትምህርትና የተኩስ ፈተና አለ፤ 50 ጥይት ነው፣ 20ው ከ3 ያርድ፣ 20ው ከ7፣ 10ሩ ከ15። ይህን ያለፈ ሰው ስለ ካምፓስ የተነገረውን ሁሉ ያስታውሳል ብላችሁ ግን አትመኑ።

አንቀጽ ቆጣሪ

ማዶ ማዶ ያለው ላይ ስለ አያያዙ ልጨምር። "ተደብቆ" ማለት ሸሚዝ ጣል አድርጎ መሄድ ብቻ አይደለም። ኦስቲን ያለው ዩኒቨርሲቲ ሽጉጡ በአፎት ውስጥ እንዲሆን፣ አፎቱም ቃታውንና የቃታውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን፣ ሰው ሲንቀሳቀስም አጥብቆ እንዲይዘው ያዝዛል። ሱሪ ውስጥ መሽጦ መሄድ፣ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከደብተርና ከቁልፍ ጋር መክተት እዚያ አይሠራም፤ በአጋጣሚ የሚፈነዳው ሽጉጥ ቃታው የተጋለጠው ነው። ቦርሳ ውስጥ ካደረገውም ቦርሳው እጁ ከሚደርስበት መራቅ የለበትም። ወንበር ላይ ትቶት ፎቶ ሊነሳ መሄድ ደንብ መጣስ ነው።

ሌላ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይከልከል የሚል ሐሳብ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ ነበር፤ ቦርዱ በጁላይ 2016 ሰርዞታል። ስለዚህ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ሽጉጡ የጎረሰ ሊሆን ይችላል። ለእናታችሁ ይህን ባትነግሯት ይሻላል።

ንፋስ ሸሚዙን ገልጦ ቢታይስ? ሕጉ የሚቀጣው ሆን ብሎ ያሳየውን ነው። ሆኖም ያየ ሰው 911 ይደውላል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ዝግጅቱ ይበጠበጣል። በጎንበስ ቀና ብዛት የሚገለጥ ልብስ አይልበስ።

የፉትቦል ቀን ምርጫው ሁለት ነው፦ ቤቱ ትቶት መሄድ፣ ወይም መኪናው ውስጥ ቆልፎ መተው። ፈቃድ ያለው ሰው በተቆለፈ የግል መኪና ውስጥ ቢያስቀምጥ ዩኒቨርሲቲው መከልከል አይችልም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከጨዋታ በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ሥጋ እየጠበሱ ቢራ የሚጠጣበት ልማድ አለ፤ ሰክሮ መታጠቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በዚያ ላይ የጨዋታ ቀን የሚሰበር የመኪና መስታወት አይጠፋም።

የመንደራ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአክስታችን ልጅ ወደ ዴንቨር ለሥራ ሊዛወር እንደሚችልም ተናግሯል። እዚያም እንደዚሁ ነው?

ማዶ ማዶ

አይደለም። ኮሎራዶ የሕግ መገለባበጥ ምሳሌ ናት። በ2012 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ያለውን ሰው መከልከል አይችልም ብሎ ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን በአዲስ ሕግ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መታጠቅ ተከልክሏል። ካሊፎርኒያም ይከለክላል። ጆርጂያ በ2017 ፈቅዳለች፤ ግን የስፖርት ሜዳንና የተማሪ ማደሪያን አውጥታ። ቴነሲ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኞች እንጂ ለተማሪ አልፈቀደችም። የቴክሳስ ፈቃድ ይዞ ግዛት የተሻገረ ሰው በየድንበሩ አዲስ ሕግ ይገዛዋል። ያወቀው የአምናውን ሕግ ከሆነ ደግሞ ምንም እንዳላወቀ ይቁጠረው።

ጂረን ሥር

ሦስተኛውን ማንም ስላልነካው እኔ ልመልስ፣ ደግሞም ቀኑ የቀረበው እሱ ነው።

አጎታችሁ "ፈቃድ አለኝ" ማለታቸው ትክክል ነው፤ "ማን ይከለክለኛል" ያሉት ግን አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን አድርጓል፤ ተቆጣጣሪውም ፌዴራል ፖሊስ ነው። ፈቃዱ የሚመልሰው "መሣሪያው የማን ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ነው። የዩኒቨርሲቲ በር ግን አይከፍትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት ሲሰጥ "መሣሪያ ሳይዝ" የሚል ቃል አስገብቶ ነው። እዚህ የቴክሳስ ዓይነት "ደብቆ ከሆነ ይገባል" የሚል ነገር የለም። እንዲያውም በእኛ አገር ፍተሻ ላይ ደብቆ የተገኘ ሰው ይበልጥ ይጠረጠራል።

በተግባር የሚሆነው ይህ ነው። ምረቃ ቀን በሩ ላይ ወንድና ሴት ተለይቶ ይፈተሻል፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ተጨናንቋል። ፈታሹ ወገብ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ሽጉጥ ካገኘ ወረቀት አንብቦ አያሳልፍም፤ ከሰልፍ አውጥቶ ለፖሊስ ያስረክባል። ወረቀቱ ሕጋዊ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መለያ ቁጥሩ ከመሣሪያው ጋር እስኪመሳከር፣ ቃል እስኪቀበሉ ድረስ የእህታችሁ ስም ተጠርቶ ያልቃል።

ከዚህ የሚብሰው በር ላይ የሚደረገው መላ ነው። "ላንተ ልስጥህና ልግባ" ተብሎ ለወንድም፣ ለባጃጅ ሹፌር፣ ወይም በር አካባቢ ቦርሳ ለሚያስቀምጥ ልጅ የተሰጠ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ የተያዘ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ፈቃዱ በስም የተሰጠ ነው፣ ዘመድም ቢሆን አይዋሰውም። የሰጠውም የተቀበለውም ይጠየቃሉ። መኪና ውስጥ መተውም አይሆንም፤ መኪናው ግቢ ከገባ እሱም ይፈተሻል፣ ውጭ ከቆመ ለሌባ ነው። ሆቴል መኝታ ክፍል ፍራሽ ሥር መተውም ያው ነው፤ ጽዳት የምትገባው ልጅ ታገኘዋለች።

ስለዚህ ሽጉጡ አጋሮ ይቅር። ጥይቱ ከሽጉጡ ወጥቶ፣ ሽጉጡ ለብቻው ተቆልፎ፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከእሳቸው ጋር። መንገድ ላይ ፍተሻ ካለም በሰላም ያልፋሉ። እሺ የማይሉ ከሆነ "አጎቴ፣ ፎቶው ላይ ከእኛ ጋር መኖርህን እንፈልጋለን" በሏቸው፤ ሕጉን ከመተንተን ይህ ይሠራል።

ደስታ ነው ብሎ ወደ ሰማይ ስለሚተኮሰው ሳልናገር አልለፍ፦ ያ ጥይት ይመለሳል። ቆርቆሮ ይበሳል፣ ሰው ይገድላል። ድግሱ እቤት ቢሆንም።

ቡና ቁርስ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአክስት ልጅ ነው። ጫት ይቅማል?

የመንደራ ልጅ

የጅማ ልጅ ነው እንግዲህ 😄 ለምን ጠየቅህ?

አንቀጽ ቆጣሪ

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር ነው። መቼም እዚህ ቀላል ነገር ነው፤ አሜሪካ ግን ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በአንደኛ መደብ ከተከለከሉ ዕፆች ተርታ ነው። ከላይ ያልኩት ክፍል 922 መሣሪያ እንዳይዙ ከከለከላቸው ሰዎች ውስጥ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ አለበት። ሽጉጥ ሲገዛ በሚሞላው ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ በቀጥታ አለ፤ እየቃመ "አይደለሁም" ብሎ ከፈረመ የሐሰት ቃል የሚባል ሌላ ወንጀል ይጨመርበታል። ግሪን ካርድ ላለ ሰው ይህ ዜግነት የሚያስቀር፣ ከዚያም የሚያስባርር ነገር ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። ደህንነቱ የተጠበቀው ሁለቱንም መተው ነው፣ ግን ያ የእሱ ፋንታ ነው።

የመንደራ ልጅ

ይህን ዛሬውኑ እልክለታለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ወንድሜ ኦስቲን ኤርፖርት ሲደርስ እሱ ነው የሚቀበለው። ታጥቆ ቢመጣ ለልጁ ችግር አለው?

አንቀጽ ቆጣሪ

ሽጉጡ በባለ ፈቃዱ ወገብ ላይ እስካለ ድረስ ልጁ አብሮ መሳፈሩ ብቻ ወንጀል አይሆንም። ኤልቲሲ ይዞ ሻንጣ በሚወጣበት ክፍል መቆም ይችላል፤ ከፍተሻው መስመር ማዶ ግን አይለፍ። ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው፦ ነዳጅ ሊቀዳ ወይም ምግብ ሊገዛ ሲወርድ ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ትቶ ልጁን ከነቁልፉ እንዳያስቀምጠው። ይዞት ይውረድ፣ ወይም ያን ቀን ቤቱ ትቶት ይምጣ።

የመንደራ ልጅ

ቤቱ ትቶት ይመጣል፤ አሁን ደውዬ ነግሬዋለሁ። አጎቴ ጋ ግን ገና ነኝ።